ከውስጥ የተደፈነው ጀልባ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን ልብ ያልሁት ቧንቧ ሠራተኛው ልክ በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ ብሎኝ ስለ ነበር ነው። ሶዶ ከሚገኘው ቤቴ ጓሮ ያለው የውሃ መስመር ከመገጣጠሚያው ላይ ማንጠባጠብ ከጀመረ ሳምንት አልፎታል። ወጣቱ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ መገጣጠሚያውን ፈታ፣ ከቦርሳውም አንድ ጭብጥ ቃጫ መዝዞ ውሃ አስነካው። ከዚያም ቅባት ቀባና በቧንቧው ጥርስ ላይ ይጠመጥመው ጀመር።

«የሚጠመጠመው ፕላስቲክ የለህም?» አልሁት።

«አለ ጋሼ። ግን ቃጫ ይሻላል፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል።»

«ውሃው የሚገፋው ከየት ወደ የት ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ከውስጥ ወደ ውጭ ነዋ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቀጥል።»

ጥያቄው ለእርሱ አልነበረም። እርጥብ ቃጫና ቅባት አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡት ሽታ አለ፤ ኮምጠጥ ያለ፣ አፈር አፈር የሚል ሽታ። ያን ሽታ ከአሥር ዓመት ዕድሜዬ ወዲህ በዚያ መጠን አሽትቼው አላውቅም። ወጣቱ ከሄደ በኋላ ተቀምጬ የ1952 ዓ.ም. ክረምትን ጻፍሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ንግግር ሁሉ በጊዜው የተነገረው በወላይትኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ስለሆንሁ ጉድለቱም የእኔ ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አንጁሎ ይባሉ ነበር። የወንድማቸው ልጆችም የራሳቸው ልጆችም ሁላችን «አዋ» እንላቸዋለን፤ አባት ማለት ነው። የሚኖሩት ከከተማው በላይ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ነበር። ሙያቸው ከዋንዛ ግንድ የከብት ገንዳ መጥረብ ነው። የተሰነጠቀም ይጠግናሉ፤ ስንጥቁን ከውስጥ በቃጫና በሰም ይደፍኑታል። ከእጃቸው የወጣ ገንዳ አንጠባጠበ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ለሙገሳ አይደለም፤ ለሚከተለው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

አያታችን ከእርሳቸው ጋር ይኖሩ ነበር። «አዬ» እንላቸዋለን፤ እናት ማለት ነው። ዓይናቸው እየደከመ ነበርና በየማለዳው በር ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ልጅ ይጠይቃሉ፤ «አባያ ዛሬ ይታያል?» ሰማዩ ከጠራ ሐይቁ ከዚያ ከፍታ ላይ ይታያል፤ ውሃው ቀይ ስለሆነ ግን እኔ ለረዥም ጊዜ የታረሰ መሬት ይመስለኝ ነበር። እዚያ መሬት ማዶ የአዬ ልጅ፣ አክስቴ ባሎቴ ትኖራለች። የጥጥ ነጋዴ አግብታ ከሄደች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ አላውቃትም። ሐይቁን በእግር ዞሮ መድረስ ብዙ ቀን ይፈጃል። በሐይቁ ውስጥ ያሉት ደሴተኞች ከቀላል እንጨት አስረው የሚሠሩት ታንኳ ነበር፤ ነገር ግን ውሃው በግንዶቹ መካከል ይገባና ተሳፋሪው እስከ ወገቡ ረጥቦ ይሻገራል። አዋ አንጁሎ በሠርጓ ቀን፣ «በጊፋታ እናትሽ ቤት ትበያለሽ፤ እኔ ደረቅ አድርጌ አመጣሻለሁ» ብለዋት ነበር አሉ። አላመጧትም።

ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ በመስከረም አጋማሽ እሑድ ቀን ይውላል። በዚያ ቀን አዬ ሥጋውን ከቆጮና ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ጋር በእንሰት ቅጠል ላይ ለየሰው ካደሉ በኋላ አንድ ድርሻ ለባሎቴ ያስቀምጣሉ። ማንም አይነካውም። በማግስቱ ግን ከልጆች አንዱ በተራው ይበላዋል። በሚመጣው ጊፋታ ተራው የእኔ ነበር። ድርሻው ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። አሁን ሳስበው አዬ የጨመሩት ናፍቆታቸውን ነው፤ ያኔ ግን ከባሎቴ ቁመት ጋር የሚያድግ ይመስለኝ ስለ ነበር፣ ማዶ ያለችው አክስቴ እያደገች እያደገች በር የማታስገባ ሴት ሆናለች ብዬ አምን ነበር።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን፣ አዬ ድርሻ ሳያድሉ፣ በዓልም ሳይሆን፣ አዋ አንጁሎን ጠርተው እንዲህ አሏቸው፤ «በዚህ ጊፋታ ፊቷን ካላየሁ፣ ከዚያ በኋላ የማየው በእጄ ነው።»

አዋ አንጁሎ የያዙትን ምሳር መሬት ላይ አስቀመጡ። ሲመልሱ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ጀልባ እሠራለሁ» አሉ።

ጀልባ አይተው አያውቁም። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በእንግሊዝኛ የንባብ መጽሐፌ ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ። ሥዕሉን በደብተሬ ጀርባ ገለበጥሁት። አንድ ባለ ሸራ ጀልባ፣ ሦስት ሞገድና አንድ ወፍ ነበር። አዋ አንጁሎ ደብተሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ።

«ከውሃው በታች ያለው የት አለ?»

«አይታይም።»

«ያልታየውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ።

ያልታየውን የሠሩት እንግዲህ እንደሚያውቁት ነው፤ እንደ ገንዳ። ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ ዋንዛው ሳንቃ ሆነ። ለጎድኑ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ፍለጋ ገሱባ ድረስ ሄደው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፤ የተሸከሙት አራት ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። «የቀረው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠማማ የሚገኘው ሲፈልጉት አይደለም» ብለው ተቆጡ። እኔ መቀመጫው በጣም ሰፊ እንዲሆን ጎተጎትሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ «አክስቴ ትልቅ ናት» አልሁ። ሳቁና አንድ ሳንቃ ጨመሩልኝ።

ረዳታቸው ጎረቤታችን አሥር አለቃ ሳና ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ምጽዋ ላይ ባሕር አይቻለሁ ስለሚሉ የሸራው ጉዳይ ለእርሳቸው ተሰጠ። ሸራው የአዋ አንጁሎ ቡልኮ ነው። አሥር አለቃ ሳና ቡልኮውን በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ አስረው ሲያወርዱና ሲሰቅሉ፣ የአዋ አንጁሎ ሚስት ከማድቤት ብቅ ብለው፣ «ክረምቱን እኔን ምን ታለብሱኛላችሁ? ወፏን?» አሉ። የሥዕሉ ወሬ ማድቤት ድረስ ደርሶ ነበር።

መድፈኑ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አስቴር፣ የአዋ አንጁሎ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እርስዋና እኔ ቃጫውን እያረጠብን በጣታችን እናከርራለን፣ አባቷ ጀልባው ውስጥ ተንበርክከው በየመጋጠሚያው በመሮ ጀርባ ይጠቀጥቁታል፣ ከዚያ የቀለጠ ሰም ያፈሱበታል። እጃችን ማታም ያን ሽታ ይሸት ነበር። ከእናቴ ጋር በአንድ ገበታ እንዳልቀርብ የተከለከልሁበት ጊዜም ነበር።

ከዚያ ፈተናው መጣ። አዋ አንጁሎ ገንዳ ለባለቤቱ ከማስረከባቸው በፊት ሞልተውት ሲያድር ያያሉ። ጀልባውንም እንዲሁ አደረጉ። የሰፈሩ ሴቶችና ልጆች ከምንጩ በእንስራና በቅል ከጧት እስከ ቀትር ውሃ አመላለስን፤ ከአፉ ሦስት ጣት ሲቀረው ተውነው። በማግስቱ ሰው ተሰበሰበ። አዋ አንጁሎ ከሥር ገብተው በመዳፋቸው ሳንቃውን ዳሰሱ፤ መዳፋቸውንም አውጥተው ለሁሉም አሳዩ። ደረቅ ነው። እልልታ ሆነ።

«ተማሪው፣ ምን ትላለህ?» አሉኝ በሰው ፊት።

ከዚያ በፊት በሰው ፊት ተጠይቄ አላውቅም። «ካልወጣ አይገባም» አልሁ።

አሥር አለቃ ሳና፣ «ይህ ልጅ ዳኛ ይሆናል» አሉ። በዚህ ጊዜ አስቴር፣ እንስራዋን እንደ ያዘች፣ «አዋ፣ ባሕሩ ነው ጀልባው ውስጥ የሚሆነው ወይስ ጀልባው ነው ባሕሩ ውስጥ የሚሆነው?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ይህን መካድ አልችልም።

ወደ ሐይቁ የወረደው በሃያ አራት ሰው ትከሻ ነው። ተገልብጦ፣ ቡልኮውን ለብሶ፣ በረጃጅም እንጨቶች ላይ በቃጫ ገመድ ታስሮ ሁለት ቀን ተጓዘ። ሁምቦ አካባቢ አንዲት ሴት ከቤቷ ወጥታ ደረቷን እየመታች ትከተለን ጀመር፤ ሌሎችም ተጨመሩ።

«ማን ነው የሞተው?» አለች።

«የሞተ የለም» አሉ አሥር አለቃ ሳና።

«ተውኝ እስቲ! ይህን ያህል ረዥም ሰው ግን ከየት አገኛችሁ?»

ከሸካሚዎቹ አንዱ በሳቅ እግሩ ተሳስሮ ጀልባውን ሊጥለው ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ባሎቴን እያሰብሁ፣ ምናልባት ይህም ጀልባ አይበቃት ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር።

ሐይቁ ዳር የደረስነው ረቡዕ ቀን ነው፤ ጊፋታ እሑድ ነበር። አዞ ስለሚፈራ እኔና አስቴር ስንቁን ከጫነችው አህያ ጎን ከፍ ብለን እንድንቆም ታዘዝን። አዋ አንጁሎ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጸለዩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለ ነበሩ ጸሎታቸው አጭር አይደለም። «አሜን» ሲባል ባርኔጣውን መልሰው ጫኑና ገቡ። ጀልባው ተገፋ፣ ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈ። ሰዎቹ ጮኹ። በግምት ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄደ።

በመጀመሪያ ያየሁት ቃጫውን ነው። ከመጋጠሚያዎቹ ወደ ውስጥ እንደ ጢም ብቅ ብቅ አለ። ያን ሁሉ ቀን በመሮ የተጠቀጠቀውን ውሃው ከውጭ ገፍቶ አስወጣው። አዋ አንጁሎ ጎንበስ ብለው አንዱን በእጃቸው ሲመልሱት ሌላው ይወጣል። ጀልባው አልተገለበጠም፤ በእርጋታ፣ ደረጃውን ጠብቆ፣ እስከ አፉ ወረደ። እርሳቸው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ባርኔጣቸው አልተነቃነቀም ነበር።

አንድ ደሴተኛ በታንኳው ላይ ሆኖ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያየን ነበር። ቀረብ አለና ጀልባውን ዞሮ ተመለከተ። «ገንዳው መልካም ነው» አለ። «ላሞቹስ የት ቀሩ?»

ጀልባውን በገመድ ጎትተን አወጣነው። አሥር አለቃ ሳና ጫማቸውን እያራገፉ፣ «አንጁሎ፣ እንመለስ። እግዜር ያውቃል፣ ሞክረሃል። ከርሞ ይደርሳል» አሉ።

«የእናቴ ዓይን ከርሞ አይደርስም» አሉ አዋ አንጁሎ። ዞረው፣ «አስቴርን ጥሩልኝ» አሉ።

አስቴር ትቀጣ መስሏት የአህያዋን አንገት ይዛ ነበር የመጣችው።

«ያን ቀን የጠየቅሽኝን ድገሚው።»

በጣም ቀስ ብላ ደገመችው። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። አዋ አንጁሎ በሙሉ ጉልበታቸው እንደሚያስቡ ሆነው ሐይቁን ተመለከቱ፤ ቀጥለውም ልክ ለአዋቂ እንደሚመልሱ፣ «ጀልባው ነው ባሕሩ ውስጥ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የምገባበት ጠፋኝ። ነገር ግን ያሉት፣ «አንተም ተማር፣ እኔም ተማርሁ። ገልብጡት!» ብቻ ነው።

የተረፈ ቃጫ አልነበረም። አዋ አንጁሎ ጀልባው የታሰረባቸውን ገመዶች ሁሉ አስመጥተው ፍቱ አሉን።

«በምን ተሸክመን እንመለሳለን?» አለ ከሸካሚዎቹ አንዱ።

«ወደ ቤት የምትሸከሙት የለም። የሚሄደው ወደ ማዶ ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላና ሐሙስ ሙሉ ቀን ገመድ እየፈታን ጀልባውን ከውጭ ደፈንን። እርሳቸው ብቻቸውን ሁለቱን ጎን መድረስ እንደማይችሉ ሲያውቁ የላይኞቹን መጋጠሚያዎች ለእኛ ሰጡን፤ ቀኙን ለአስቴር፣ ግራውን ለእኔ። ታችኛውን ሁሉ ራሳቸው ያዙ። የምጠቀጥቀው በመሮ ጀርባ ሳይሆን በድንጋይ ነበር፤ መሮው አንድ ብቻ ነውና። ጣቴ ደማ። አስቴር የጨረሰችውን በጥፍሯ እየፈተነች፣ የላላውን እያወጣች እንደገና ትጀምር ነበር። እኔ ቀድሜያት ለመጨረስ እሮጥ ነበር። ይህም መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሰም አለቀብን። ያ ደሴተኛ ይህን አይቶ ሄደና የልጅ ራስ የሚያህል ሰም በቅጠል ጠቅልሎ ይዞ መጣ። አዋ አንጁሎ እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑት።

«ለእናንተ አይደለም» አላቸው፤ «ለላሞቹ ነው።»

በዚህ ጊዜ አዋ አንጁሎ ራሳቸው ሳቁ።

ዓርብ ማለዳ ጀልባው ዳግመኛ ገባ። ጸሎቱ እንደ መጀመሪያው ረዥም ነበር፤ አንድም ቃል አላሳጠሩም። አሥር አለቃ ሳና ከፊት፣ አዋ አንጁሎ ከኋላ ተቀመጡ። ሠላሳ እርምጃውን አለፈ። እኔ እቆጥር ነበር፤ ከሰባ በኋላ ቁጥሩ ጠፋኝ። አሥር አለቃ ሳና ተነሥተው ቡልኮውን ሰቀሉ። መጀመሪያ እንደ ተሰጣ ልብስ ተንጠለጠለ። ከዚያ ነፋስ ያዘውና ሆዱን ነፋ፤ ዳሩ ላይ ያለው ቀይና ቢጫ ጥለት ከቀዩ ውሃ በላይ ጎልቶ ታየ። ሥዕሉን ይመስል ነበር። ወፍ እንኳ ነበር፤ ትልቅና አስቀያሚ፣ ውሃው ዳር በወደቀ ግንድ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚያደርቅ። አስቴር፣ «ወፉም መጣ» አለችኝ። ከረቡዕ ወዲህ ያናገረችኝ ያኔ ነው።

እኛ ቅዳሜ ማታ ቤት ገባን። አዬ በር ላይ ነበሩ።

«ሄደ?»

«ሄዱ፣ አዬ።»

«ውሃ አልገባበትም?»

አስቴርና እኔ ተያየን። «ስናየው አልገባበትም» አለች አስቴር። እውነቷን ነው።

እሑድ፣ ጊፋታ። በሬው ታርዶ፣ ድርሻው ሁሉ ታድሎ፣ የባሎቴ ከሁሉ የሚበልጠው ድርሻ በቦታው ተቀመጠ። በማግስቱ የሚበላው እኔ ነኝ። በሕይወቴ ሥጋ እንዳይደርሰኝ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ውሻው ጮኸ።

አዋ አንጁሎ ከፊት፣ አሥር አለቃ ሳና ከኋላ፣ በመካከላቸው አንዲት ቀጭን፣ አጭር ሴት ነበረች። በጣም አጭር ናት። ራሷ ከአዋ አንጁሎ ትከሻ አይደርስም። ከኋላቸው ያለውን መንገድ እያየሁ ትልቋን ስጠብቅ አዬ ተነሡ። ብቻቸውን ተነሥተው ሲቆሙ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ተደግፈው ነበር የሚነሡት። የሴትዮዋን ፊት በሁለት መዳፋቸው ይዘው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ አዩት፣ አዩት። በዓይናቸው ነበር የሚያዩት።

«ከስተሻል» አሉ በመጨረሻ።

«አንቺም አርጅተሻል» አለች ባሎቴ። ሁለቱም የሳቁ ይሁን ያለቀሱ መለየት አልቻልሁም።

ተቀመጡ። ድርሻዋ ቀረበላት። አዬ፣ «ደረቅ ሆነሽ ነው የመጣሽው? ወንድምሽ በሠርግሽ ቀን እንዳለሽ ነው ያመጣሽ?» ብለው ጠየቁ።

አዋ አንጁሎ ቀደሙ። «ጠብታ አልገባም።»

«ጠብታ አልገባም» አለች ባሎቴም፣ እየበላች።

እኔ መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ነበርሁ። የቀሚሷ ጠርዝ በግራ በኩል ከጉልበቷ በታች ቀይ የውሃ መስመር ወጥቶበት ነበር፤ ደርቋል፣ ነገር ግን መስመሩ እንደ ተሰመረ ነው። በቀኝ በኩል የለም። ቀና ስል የአዬ እጅ እዚያው ጠርዝ ላይ ነበር። ጣቶቻቸው በመስመሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ፣ ቆሙ። ከዚያ ጨርቁን አጥፈው ወደ ውስጥ አስገቡት። «ደግ አደረግህ፣ አንጁሎ» አሉ። ባሎቴ ከድርሻዋ ከግማሽ የሚበልጠውን ቆርሳ፣ ማን ነህ ሳትለኝ፣ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

ሳይፈታ የቀረው ይህ ነው። ውሃ ገብቷል፤ ይህን አይቻለሁ። የገባው ግን በአስቴር ጎን ይሁን በእኔ አላወቅሁም። ባሎቴ ፊቷን ወደ ፊት አዙራ ተቀምጣ እንደ ሆነ የቀሚሷ ግራ የጀልባው ግራ፣ የእኔ ጎን ነው፤ ወደ ኋላ፣ ወደ አዋ አንጁሎ ዞራ እንደ ሆነ ግን የአስቴር ጎን ይሆናል። አሥር አለቃ ሳናን ብጠይቃቸው ወደ ፊት ነበር የተቀመጠችው አሉ፤ በሌላ ቀን ብጠይቃቸው ወደ ኋላ አሉ። ባሎቴ ሳቀችብኝ። አዋ አንጁሎ እስከ መጨረሻው ጠብታ አልገባም እንዳሉ ነው። ጀልባው ሐይቁ ዳር ቀርቶ ነበር፤ በተከታዩ ክረምት ሄጄ መጋጠሚያዎቹን ልመረምር አስቤ ስጠይቅ ሐይቁ ሞልቶ እንደ ወሰደው ነገሩኝ።